አሥሩ ጊጋ የት ገባ?

አየር ጤና፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳያት እህቴ፣

ሰላምታውን ወረድ ብዬ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ የዛሬ ጠዋቱን ጉድ ልንገርሽ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሞቲ ሱቅ ደጅ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሞቲ ማለት ታክሲ ተራው ጎን ስልክና ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭነው ሰውዬ ነው፣ ነግሬሻለሁ። ከፈተ፣ ተከትዬው ገባሁ፣ ለእናትሽ የላክሽውን ማጫወቻ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "ጋሼ፣ ሰባ አንዱም ዜማ ገብቷል፣ ይቁጠሩት" አለ። ቆጠርኩ። ሰባ አንድ። ደስ አለኝ። ከዚያ በልማዴ "ክብደቱስ ስንት መጣ?" ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ስምንት መቶ ሜጋም አይሞላ።"

ሳያት፣ እኔ ትናንት ማታ ትተሽልኝ ከሄድሽው ዲስክ ያስረከብኩት አሥራ አንድ ጊጋ ነው! ጽፌዋለሁ፣ አስፈርሜዋለሁ። አሥሩ ጊጋ የት ገባ?

"ተጨምቆ ነው ጋሼ፤ ማጫወቻው ትልቁን ፋይል አያነብም። ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ጆሮ የማይሰማውን ይጥለዋል" አለኝ። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ መጀመሪያውኑ ማን ቀዳው? አባትሽ፣ አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አኮርዲዮን ሲይዙ የማይሰማ ነገር ተጫውተው ያውቃሉ? እኔ የጋራዥ ዕቃ ቤት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዘይት ከበርሜል ወደ ጀሪካን ሲገለበጥ እንዴት እንደሚጎድል አውቃለሁ። ወፍራሙን ለራሱ አስቀርቶ ቀጭኑን ለእኔ ሰጠኝ፣ በቃ። ነገ ካሴት ቤት ይሸጠዋል።

እንግዲህ ያደረግኩትን በተራ፦

አንደኛ፣ ጮህኩ። ሌባ አልኩት። ተራ አስከባሪው ደሜ ሰምቷል፣ ሻይ የሚጠጡትም ሰምተዋል። ይስሙ፣ ምስክር ይሆኑኛል።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን በሙሉ ዓይኔ እያየ አስጠፋሁት። "ጋሼ እርግጠኛ ነዎት? መጀመሪያ ወደ ዲስኩ…" ሲል አላስጨረስኩትም። "አጥፋ ብያለሁ!" አልኩት። ያ ቅርጫት የሚሉትንም አስደፋሁት።

ሦስተኛ፣ የሥራውን ሺህ ሁለት መቶ ብር አልከፈልኩም።

ስለ ዲስኩ አታስቢ። ሱቅ አላሳደርኩትም። ትናንት ወደ ኮምፒውተሩ ሲያስገባ "ኮፒ" ሊያደርገው ነበር፤ ኮፒ ከሆነ እዚያም እዚህም ይቀራል አሉ። "አይሆንም፣ ከት አድርገው፣ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ይግባ" አልኩት። ዕቃ ወጪ ሲሆን ከመደርደሪያው ይነሣል፤ ሁለት ቦታ ከተገኘ አንዱ የተሰረቀ ነው። ዲስኩን ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ባለቤቴ ጤናዬ፣ "ምነው፣ ወርቅ ነው እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ? ብርዱስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ማራኪ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች፤ በስልክ ሳወራ የምለው እንደሚጠፋኝ ታውቂያለሽ። እኔ አሁን ማጫወቻውን ይዤ አስኮ፣ እናትሽ እትዬ ወለተጻድቅ ጋ ልሄድ ነው።

ወንድምሽ አምሐ


ማልሞ፣ ስዊድን
ጥር 20

ጋሽዬ፣

ጤናህ ይብዛልኝ። ጤናዬንና ማራኪን ሳምልኝ። ስለደከምክልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ሰውዬው አልሰረቀህም። ያ አሥራ አንድ ጊጋ ባለሙያው ከአባዬ የድሮ ቴፖች ሲቀዳ ምንም ሳይቀንስ ያስቀመጠው ነው፣ የቴፑ ሽሽ የሚለው ሽሽታ እንኳን ሳይቀር። የእማዬ ማጫወቻ ትንሽ ስለሆነች ያንን አትችልም። ሲጨመቅ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ቢቀር ወግ ነው፤ እዚህም ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚሆነው። ሂድና ክፈለው።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያ "ከት" ያልከው ነገር። ጋሽዬ፣ ከዲስኩ ተነሥቶ ኮምፒውተር ከገባ፣ ከኮምፒውተሩም ካስጠፋኸው፣ ዲስኩ ላይ ምን ቀረ? ምናልባት እኔ አልገባኝም ይሆናል። እባክህ ዛሬውኑ ክፈተውና ስንት ጊጋ እንዳለበት ንገረኝ።

ሌላ ቅጂ የለም። ባለሙያው ሲቀዳቸው ቴፖቹ እየተላጡ ነበር፣ ሁለተኛ አይጫወቱም። እኔም አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ሲል ሳልገለብጥ ሄድኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የባልደረባዬ ባል ፍቅሬ ለፋሲካ ይመጣል፣ ሲመለስ ዲስኩን ይዞልኝ ይመጣል።

አርባኛውን ሰምተኸዋል? እኔ አለሁበት። የአራት ዓመት ልጅ ነኝ። አባዬ እየተጫወተ መሀል እገባና "አባዬ፣ እራት!" እለዋለሁ። እጁ ሳይቆም ይስቃል። እዚያ ጋ ትንፋሹ ይሰማል። ከአባዬ ጋር ያለኝ ድምፅ ያ ብቻ ነው።

ሳያት


አየር ጤና
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለሳያት የኔሰው፣

ያለሽበት አገር ብርዱ ይለዝብልሽ፣ የሥራ ደጅሽ ይስፋ፣ እኔና መላው ቤተሰቤ በጣም ደህና ነን። በግም ተወደደ፣ ሽንኩርትም ተወደደ፣ የአየር ጤና መንገድም ተቆፍሯል፣ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

እትዬ ወለተጻድቅ ማጫወቻውን በጣም ወደውታል። አንገታቸው ላይ በገመድ አስረውታል። ዓይናቸው ባያይም ትልቁን ቁልፍ በጣታቸው ያገኙታል፣ ሲነካ "ቲጥ" ይላል። በር ላይ ወንበር አውጥተው ሲሰሙ ነው የሚውሉት። ገና ስገባ "አምሐ፣ ሰውዬውኮ መጣ!" አሉኝ። ስለ አባትሽ ነው። አንድም የጎደለ ነገር አላሉም። ጤናዬ ይህን ስነግራት "አንተ ደግሞ ድምፅ በኪሎ ትመዝናለህ!" ብላ አዋረደችኝ።

ዲስኩን በተመለከተ፣ በቦታው ነው። ፌስታሉም ያው ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል። አንድ ሰው ዲስክ ከፍቶ ባዶ ቢያገኘው ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ሌላ ነገር ነው? ደግሞ ይህ ሰው ይሠራ እንደሁ ልሞክር ብሎ ሌላ ፋይል ቢጭንበት ያስከፋል? የእኛ አይደለም፣ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ በጣም ተጨንቋል።

ሌላው፣ ቢቻልሽ ስድስት ሺህ ብር ብትልኪልኝ። ለዲስኩ ጉዳይ ነው። ለአያያዝ።

ወንድምሽ አምሐ


ማልሞ
የካቲት 18

ጋሼ አምሐ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ።

ስንት ጊጋ እንዳለበት ነበር የጠየቅኩህ። ሦስት ሳምንት ቆይተህ ስለ ሽንኩርት ጻፍክልኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ዲስክ ስድስት ሺህ ብር የሚያስወጣው አያያዝ ምንድን ነው? አልላክሁም። ስትነግረኝ እልካለሁ።

አሁን የምጽፈው ከባድ ነው፣ ግን ከምበግን ልናገረው። ትናንት ምሳ ሰዓት አንዲት ልጅ ቲክቶክ ላይ አንድ ነገር አሳየችኝ። ፀጉር ሲቆረጥ የሚያሳይ ነው፣ የማይታወቅ ሰው ጭንቅላት። ከኋላው የሚጫወተው አኮርዲዮን የአባዬ ነው። እጁን አውቀዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ጣቱን ዝቅ ሲያደርግ አውቀዋለሁ። አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ልጅቷ "የማን ዜማ ነው?" ስትለኝ አላውቅም አልኳት። የአባቴን፣ አላውቅም አልኳት!

ይህ ዜማ ያለው አንተ፣ እማዬና ዲስኩ ጋ ብቻ ነው። ሞቲ ኮምፒውተር ላይ ያለው ደግሞ ዓይንህ እያየ መጥፋቱን አንተው ጽፈሃል። ታዲያ ከማን ወጣ? አንተን ሌባ አላልኩህም። ሦስት ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ለማን ሰጠኸው? ገንዘቡ ለምንድን ነው? ዲስኩ ላይ ምን አለ?

ሳያት

ቪዲዮውን አብሬ ልኬዋለሁ።


አየር ጤና
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳያት፣

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ከጥርጣሬም ጭምር። ሌባ አላልኩህም ብለሽ ሌባ ያልሽኝን ደብዳቤ አነበብኩት። ማራኪም አንብባዋለች፣ ስልኩ የእሷ ነውና። ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም። ሞቲ ላይ ስጮህ የዚያን ሰውዬ ፊት አላየሁትም ነበር፤ አሁን ትዝ አለኝ። ይሁን።

ቪዲዮሽን አሥራ አንድ ጊዜ ሰማሁት፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በወረቀት እየጻፍኩ። እንዲህ ነው የሚለው። ገና ሲጀምር "ቲጥ" ይላል። ከዚያ አኮርዲዮኑ ገባ። ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ መቀሱ እየቆረጠ እያለ አንድ ወያላ ከሩቅ "ቡራዩ ቡራዩ ቡራዩ፣ አንድ ሰው!" ይላል። አሥራ ስድስተኛው ላይ አሮጊት ድምፅ አብሮ ያንጎራጉራል፣ ቀስ ብሎ። ሳያት፣ የፀጉሩን መቆረጥ ስታዪ የእናትሽን ድምፅ አልሰማሽም!

በነጋታው አስኮ ሄድኩ። እትዬ የፊት ክፍላቸውን ለፀጉር ቆራጭ ካከራዩት ሁለት ወር ሆኗል፣ ማቲ ይባላል፣ ጎረምሳ አይደለም፣ የሚስቱ እርግዝና ገፍቷል። በሩ ላይ ቆሜ፣

"አንተ! የአጎቴን ዜማ በማን ፈቃድ ነው የወሰድከው?" አልኩት።

"የቱን ዜማ ጋሼ?"

"የቱን ይለኛል! አርባ ሺህ ሰው የሰማውን ነዋ!"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔኮ የቆረጥኩትን ፀጉር ነው የቀረፅኩት። እማማ በር ላይ እየሰሙ ነበር፣ አብሮ ገባ። በኋላ ሰው ሁሉ የማን ዜማ ነው ሲለኝ ለእማማ ነገርኳቸው።"

"ዋሽቷል እትዬ?" ብዬ ዞርኩ። እናትሽ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣

"ምን ያስዋሸዋል፣ እውነቱን ነው። ይስሙት ተውልኝ አልኩት። ሰውዬው ለእኔ ብቻ ነበር እንዴ የሚጫወተው? በየሰው ሠርግ እየዞረ አይደል እንዴ ስንት ሌሊት ያስጠበቀኝ? አሁን ገና ቤት ቢውልልኝ ልከልክለው? ይልቅ ግባ ቁጭ በል፣ ማቲ ጺምህን ያስተካክልልህ፣ ሽፍታ መስለሃል" አሉኝ።

ጺሜን ተስተካከልኩ። አላስከፈለኝም።

ስለዚህ፣ ለማን ሰጠኸው ላልሽው፣ ለማንም። ስለ ገንዘቡ፣ ተይው፣ አልፈልገውም፣ እንዳልጠየቅሁሽ ቁጠሪው። ሦስተኛው ጥያቄሽ ይቆየኝ።

አምሐ


ማልሞ
መጋቢት 6

ጋሽዬ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ልጅህንም ለወግ ያብቃልህ። በጉልበቴ ብንበረከክ አያንሰኝም። ቪዲዮውን ደግሜ ሰማሁት፣ አሥራ ስድስተኛው ሰከንድ ላይ። እማዬ ናት። እንዴት እንዳላወቅኋት እንጃ። የጠረጠረ ሰው ጆሮው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው መሰለኝ። ማራኪን ይቅርታ በላት።

ግን ሦስተኛው ጥያቄ አለ። አልቆጣም፣ እምልልሃለሁ። ያ ባዶ ዲስክ የባልደረባህ አይደለም፣ አይደል?

ፍቅሬ ሚያዝያ 5 ይገባል። የሚቀበለው ምን እንደሆነ ከእሱ በፊት ልወቅ። ዝም አትበለኝ። ዝም ስትለኝ ነው የማላስበውን የማስበው።

ሳያት


አየር ጤና
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳያት እህቴ፣

መልካም በዓል፣ አስቀድሜ። ልቤን አቅልዬ ሰላም የምልሽ ከሁለት ወር በኋላ ዛሬ ነው፣ ሙሉ በሙሉም ባይሆን።

ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ዲስኩን ቢሮ ወስጄ ከፈትኩት፣ ምንም የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በገዛ አፌ "ከት" ብዬ፣ በገዛ አፌ "አጥፋ" ብዬ። ሞቲ ሊያስታውሰኝ ሲል ያላስጨረስኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ዲስኩ ታሞ እንደሁ ብዬ የጋራዡን የዕቃ ዝርዝር ጫንኩበት። ስድስት ሺሁን የጠየቅኩሽ መርካቶ አንድ ሰው የጠፋ ፋይል ያወጣል፣ ያን ያህል ያስከፍላል ሲሉኝ ነው። ልነግርሽ ስንት ወረቀት ጽፌ ቀደድኩ። ጤናዬም አታውቅም ነበር።

ሞቲ ጋ የሄድኩት ያ ያንቺ ሦስት ጥያቄ ከመጣ በኋላ ነው። ሌባ መባል እንዴት እንደሆነ ካየሁት በኋላ ማለቴ ነው። ሲያየኝ ከወንበሩ አልተነሣም።

"ጋሼ፣ አሥሩን ጊጋ አገኙት?"

"አላገኘሁትም። ሌላውንም አጣሁት" አልኩና ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ከዚያ፣ "እርስዎ ዕቃ ቤት ነው የሚሠሩት አይደል? ከት ሲደረግ የሚቀደደው ዝርዝሩ ነው። ዕቃው መደርደሪያው ላይ አለ፣ ሌላ ዕቃ እስካልተቀመጠበት ድረስ" አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ያልገባኝ ነገር እንዲህ ሲባል ገባኝ። "ከዚያ ወዲህ ምን ጫኑበት?" ሲለኝ ግን ውኃ ሆንኩ። የጋራዡን ዝርዝር አልኩት። "በራስዎ ዝርዝር ላዩ ላይ ጻፉበታ!" ብሎ ሳቀብኝ። መብቱ ነው።

አራት ቀን ፈጀበት። ስልሳ ዘጠኙ ወጡ፣ ሙሉዎቹ፣ ከነሽሽታቸው። ስማቸው ግን ጠፍቶ ነበር፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፣ እሱም የተዘበራረቀ። ስለዚህ አራት እሑድ የማራኪን ላፕቶፕ ይዤ አስኮ ተመላለስኩ። እናትሽ ይሰማሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። "ይኼ ቡራዩ የነበረው ሠርግ ነው፣ ሙሽራው ሰክሮ የወደቀበት።" "ይኼ የአኮርዲዮኑ አንድ ቁልፍ ተነቅሎ በማስቲካ የለጠፈው ቀን ነው፣ ስማው፣ ያፏጫል።" ሁሉንም ስም አወጡለት፣ ከድሮው ዝርዝር የተሻለ ሆኗል። በሦስተኛው እሑድ ማቲም ሥራ ዘግቶ አብሮን ቁጭ አለ።

አሁን የማይቀረውን ልንገርሽ። ያልወጡት ሁለት ናቸው። አንዱ አሥራ ሁለተኛው ነው። ሌላው አርባኛው ነው።

አርባኛው በማጫወቻው አለ፣ ሞቲ የጨመቀው። በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁልሽ። "አባዬ፣ እራት!" ጥርት ብሎ ይሰማል። ሳቃቸውም ይሰማል። ትንፋሻቸውን ግን ፈለግኩት፣ ሦስቴ መለስኩ፣ አለ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። አንቺ ትሰሚው ይሆናል። ሰርቆሃል ያልኩት ሰው የሠራው ቀጭኑ ፋይል ባይኖር ያም አይኖርም ነበር፤ ይህን ስጽፈው ያመኛል። ይቅር በይኝ አልልሽም ገና፣ ሰምተሽው ንገሪኝ።

ለፍቅሬ የማስረክበው፦ ዲስኩ ከስልሳ ዘጠኙ ጋር፤ ጭምቁ ሰባ አንዱ በፍላሽ፤ እናትሽ ያስጻፉኝ የስም ዝርዝር፣ ሰባት ገጽ። አስፈርሜ ነው የምሰጠው፣ የባልደረባሽ ባል ይታገሠኝ። ሁሉም በኮፒ ነው። አንዱ ኮፒ እኔ ጋ ይቀራል። አንዱ ሞቲ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ አስቀምጥልኝ ያልኩት እኔው ነኝ። ሌሊት ሌሊት ምነው ባላልኩት ኖሮ የምልበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽሽም፤ ጠዋት ሲሆን ይተወኛል።

ስለ ሞቲ። ለማውጣቱ ምንም አልጠየቀም። የድሮውን ዕዳ ስሰጠው እጁን አልዘረጋም። "ጋሼ፣ ሌባ ያሉኝ ደሜ ፊት ነው፣ ሻይ የሚጠጡት ፊት ነው። ገንዘቡንም እዚያው፣ እነሱ እየሰሙ፣ አልሰረቀኝም ብለው ይስጡኝ" አለ። ልክ ነው። ሦስት ጠዋት ሄጄ ከደሜ ወንበር አጠገብ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሰው ይበዛል፣ የምለው ይጠፋኛል። ብሩ በፖስታ ሆኖ የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው።

ለሞቲ የሚገባው ሺህ ሁለት መቶ ብር እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

አምሐ